ከደጃፍ ላሊበላ እስከ ፖድካስት፦ ተናጋሪውን ማን ይቀልበዋል?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ካለ አጠገባችሁ አድርጉና አንብቡት።

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ ሳለ ሦስት የድሮ ተማሪዎቼ መጥተው ከበቡኝ። «ቲቸር፣ ፖድካስት ልንጀምር ነው!» ስለ ምን? «ስለ ጎንደር፣ ስለ ሽማግሌዎቻችን።» ደስ አለኝ። ዕቃ አላችሁ ወይ ብላቸው፣ አንድ ስልክ፣ ኮሌታ ላይ የምትሰካ አንዲት ማይክ፣ ደግሞ የአንደኛው እናት ጓዳ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለዋል። (እናትየው ብርድ ልብሳቸውን እስከ ክረምት ይታገሱ እንደሆነ እንጃ።)

ትንሽ ቆይታ አንደኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «ግን ቲቸር፣ እኛን ማን ይሰማናል? ፖድካስት እኮ የአዲስ አበባ ሰው ነገር ነው።»

እዚያው ላይ የሚያጠግብ መልስ አልሰጠኋትም። ቤቴ ገብቼ ሳሰላስለው ግን የታሪክ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። የታሪክ አስተማሪ ደግሞ ጥያቄ ሲያድርበት እንቅልፍ አይወስደውም። እነሆ መልሴ።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ፖድካስት» ገና ከ20 ዓመት ትንሽ ያለፈ ጎረምሳ ነው። አፕል አይፖድ የምትባለውን የሙዚቃ ማጫወቻ በጥቅምት 1994 ዓ.ም. አወጣ። በየካቲት 1996 ዓ.ም. ዘጋርዲያን በተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ አንድ ጋዜጠኛ ሰዎች በኢንተርኔት የሚለቁትን የድምፅ ዝግጅት ምን ብለን እንጥራው ሲል ካቀረባቸው ስሞች አንዱ ይሄ ነበር፤ የአይፖድን ጅራትና ስርጭት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጅራት ገጣጥሞ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ በሰኔ 1997 ዓ.ም.፣ አፕል ራሱ ፖድካስትን በሙዚቃ መደብሩ ውስጥ አስገባ። ዋናው ፈጠራ ማይክ አይደለም፤ አድማጩ ሲመቸው፣ በፈለገው ሰዓት፣ የፈለገውን ክፍል መርጦ መስማቱ ነው። በቃ ይሄው ነው። የቀረው ሁሉ፣ አንዱ ማውራት ሌላው መስማት፣ እኛ ዘንድ ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ጋር የሚተካከል ዕድሜ ያለው ነገር ነው።

ጎንደር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ጎህ ሳይቀድ፣ ውሻው መጮህ ሲጀምር፣ ደጃፍ ላይ የሴትና የወንድ ድምፅ ይነሳል፤ ላሊበሎች። የአባታችሁን ስም ጠርተው ያወድሳሉ፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ካለም እሱንም ያነሱታል። ልጅ ሆኜ «እንዴት አወቁን?» እያልኩ እገረም ነበር። ሚስጥሩ ቀላል ነው፤ ቀድመው ጎረቤት ይጠይቃሉ። የቤቱ ጌታ ማን ነው? ሥራው ምንድን ነው? ዛሬ ዩቲዩብ ስለ ተመልካቾቹ የሚሰበስበውን መረጃ እነሱ በአንድ ማለዳ በእግራቸው ይሰበስቡት ነበር። እንጀራ፣ እህል፣ ልብስ ወይ ብር ሲሰጣቸው ምርቃቱ ይዘንባል። ካልተሰጣቸው ደግሞ ሸንቆጥ የምታደርግ ግጥም ጥለው ይሄዳሉ።

ወዲህ ደግሞ አዝማሪ አለ። ከከተማችን ብዙ ሳይርቅ ቡርቧክስ የሚባለው መንደር የአዝማሪዎች መንደር ሆኖ የኖረ ነው፤ ልጅ ከአባቱ ማሲንቆ ይማራል። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ዝም ብሎ አድማጭ አይደለም። «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፣ ቤቱ ይስቃል፣ ሌላው ደግሞ ከወዲያ ጥግ መልስ ይወረውራል። የዛሬውን የኮሜንት መስጫ ከዚህ የተሻለ የሠራው ያለ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ፊት ለፊት ስለሆነ ሰው ይተፋፈራል።

ይህን ስል ዘመኑን እያሳመርኩት እንዳይመስላችሁ። ዘፈኑን የሚወድ ሰው ዘፋኙን ልጁን አይድርለትም ነበር። ላሊበሎች ላይ «መዞር ካቆሙ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል» የሚለው ወሬ ለስንት ትውልድ ተለጥፎባቸው ኖሯል፤ በሽታው ከባክቴሪያ የሚመጣና በመድኃኒት የሚድን መሆኑ እየታወቀ። እኛ ድምፃቸውን ወደድን፣ ሰዎቹን ከደጃፍ አላሳለፍናቸውም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ተናጋሪውን ማን ይቀልበዋል?

ጎንደር ሁለት ዓይነት ማስታወሻ ነበራት። አንዱ የቤተ መንግሥቱ ነው። የነገሥታቱ ዜና መዋዕል ብራና ላይ ተጻፈ፤ ጸሐፊውን የሚቀልበው ንጉሡ ነውና ታሪኩ የንጉሡ ዘመቻ፣ የንጉሡ ግብር፣ የንጉሡ ድል ሆነ። ሁለተኛው የደጃፉና የጠጅ ቤቱ ነው። ይሄኛው ስለ ድርቁ፣ ስለ ግብሩ መክበድ፣ ስለ ባልና ሚስቱ፣ ስለ ዳኛው ጉቦ ያወራ ነበር። የሚቀልበው አድማጩ ስለሆነ የአድማጩን ጉዳይ ይናገራል። ችግሩ ብራና አልነበረውም። ያ ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ጠዋት ጉም ሲገፈፍ አብሮ ጠፋ። ለዚህ ነው የፋሲልን ዘመን ስናስተምር ስለ ንጉሡ ብዙ ገጽ ኖሮን ስለ ግንበኛው ሚስት አንድ መስመር የሌለን።

ድምፅን የሚይዝ መሣሪያ ወደ አገራችን ሲመጣም በቤተ መንግሥት በር ነው የገባው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. ድምፅዋን በፎኖግራፍ ሰም ላይ አስቀርጻ ለዳግማዊ ምኒልክ ላከች። ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር አዛ ስለነበር ተሰበረ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም መልሳቸውን በድምፅ ላኩ። አስቡት፤ በአባቷ ከሰሜን መሳፍንት ዘር የምትወለደው ጣይቱ፣ የእኛው ደጋ ልጅ፣ ድምፃቸው ከተቀረጸ ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዷ ናት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄዶ ዘፈኖቹን በሸክላ አስቀረጸ። ከዚያ በ1927 ዓ.ም. የአቃቂው ሬዲዮ ጣቢያ ተመረቀ፤ ዓመት ሳይሞላው ጣሊያን መጣና ያ ጣቢያ የንጉሠ ነገሥቱን አቤቱታ ለዓለም ማሰሚያ ሆነ።

ከነፃነት በኋላ ሬዲዮ እየሰፋ ሄደ። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ያቋቋሙት ብሥራተ ወንጌል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። ማይኩ ያው ማይክ፣ ቀላቢው ሌላ፣ ንግግሩም ሌላ። ለተማሪዎቼ ስለ መገናኛ ብዙኃን ሳስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

የእኔ የግሌ የሬዲዮ ታሪክ የሚጀምረው ዳባት በኩል አያቴ ቤት ነው። አባባ ማታ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ሬዲዮኑን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል። አንቴናው ላይ ሽቦ ቀጥሎ ከጣሪያው ጋር አስሮታል። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፤ እንደ በርበሬ። ማታ ትንሽ ነፍስ ይዘራና የጀርመን ድምፅን ያመጣል (የአማርኛው ክፍል ከመጋቢት 1957 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው)፣ ቀጥሎ የአሜሪካ ድምፅን። ዜና ሲነበብ ቤት ውስጥ መሳል እንኳ ክልክል ነበር።

ግን አባባ በጣም የሚወደው ዜና አልነበረም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ማንበብ የማይችለው አያቴ ግን በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸው ነበር። አስተውሉ፤ በክፍል በክፍል የሚቀርብ፣ አንድ ድምፅ ብቻ ያለው፣ ሰው ቀጣዩን በጉጉት የሚጠብቀው ዝግጅት። ይህን ዛሬ ምን ብለን ነው የምንጠራው? የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያመለጠህ ክፍል አመለጠህ ነው። ከብት ፍለጋ የሄደ ሰው ሲመለስ ጎረቤቱን «ምን ሆኑ?» ብሎ ይጠይቃል።

የ2000 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ሲገባ መዓዛ ብሩ እና ባልደረቦቿ ያቋቋሙት ሸገር 102.1 አየር ላይ ዋለ። የመዓዛ ረጃጅም ጨዋታዎች እንግዳን ሳያቻኩሉ ማናገር ምን እንደሆነ ለአንድ ትውልድ አሳዩ። በዚያው ጊዜ በኤፍኤሞቹ ዙሪያ «ተባባሪ አዘጋጅ» የሚባለው ሰው በዛ፤ የአየር ሰዓት ይገዛል፣ ስፖንሰር ይፈልጋል፣ ራሱ ያዘጋጃል፣ ራሱ ያቀርባል፣ ወሩ ሲያልቅ የሚከፍለው ሲያጣ ይጠፋል። የዛሬው ፖድካስተር የእሱ ታናሽ ወንድም ነው። የአየር ሰዓት ክፍያው ብቻ ቀረለት።

ሸገር አዲስ አበባን ነው የሚሸፍነው። ታዲያ የእሸቴ አሰፋ «መቆያ» ደባርቅ ገበያ እንዴት ደረሰ? በሚሞሪ ካርድ! አንድ ሰው ከዩቲዩብ ያወርደዋል፣ ዘፈን የሚጭነው የሞባይል ቤት ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ገበያተኛው ጥቂት ብር ከፍሎ ከዘፈንና ከስብከት ጋር ቀላቅሎ ያስጭነዋል። ቅዳሜ እህሉን ሸጦ ሲመለስ የዓለም ጦርነትን ታሪክ እየሰማ ዳገቱን ይወጣል። «ፖድካስት» የሚለውን ቃል ሰምቶ አያውቅም። ግን ሲመቸው፣ በፈለገው ሰዓት፣ የፈለገውን ክፍል ይሰማል። ትርጉሙ ይሄ አልነበረም ወይ?

እንግዲህ ዛሬ ያለንበትን እንየው። አሁን አገራችን ውስጥ ፖድካስት ሲባል በአብዛኛው ዩቲዩብ ላይ የሚታይ ቪዲዮ ማለት ነው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ትልልቅ ማይክ፣ ከኋላ ቀይ ወይ ሰማያዊ መብራት፣ አንድ አበባ። ወደ ቪዲዮ ያዘነበለበት ምክንያት አለው። ሰዉ ስልኩ ላይ ያለው ዩቲዩብና ቴሌግራም ነው፣ አዲስ ዝግጅት የሚያገኘውም እዚያው ነው፣ ስፖንሰርም ዕቃው ጠረጴዛ ላይ እንዲታይለት ይፈልጋል። የኮሜዲያን እሸቱ ዶንኪ ቲዩብ እንዳሳየን ደግሞ አንድ ሰው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሳይለምን የራሱን መድረክ ማቆም ይችላል። መጽሐፍን በድምፅ የሚያቀርበው «ተራኪ» የተባለው መተግበሪያም ሰው ለድምፅ ገንዘብ ከፍሎ እንዲሰማ ማለማመድ ጀምሯል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥሩውን ካልኩ የሚቆረቁረኝንም ልናገር። እንግዶቹ ተመሳሳይ ናቸው። አንዱ ሰው በአንድ ወር አምስት ቦታ ተቀምጦ ያንኑ «ከዜሮ ተነስቼ» የሚል ታሪክ ይናገራል። ጠያቂው «ዋው» ይላል። ርዕሱ «ጉድ ፈነዳ» የሚል ይሆናል፤ ውስጡ ግን ጉድም የለ፣ የፈነዳም የለ። ልጆቹን አልወቅስም፤ የሚቀልባቸው የተመልካች ቁጥር ነው፣ ቁጥሩን የሚያመጣው ደግሞ ርዕሱ። ላሊበላው ለቤቱ ጌታ ያዜም ነበር፤ ዛሬ የቤቱ ጌታ ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ነው፣ እሱ ደግሞ ሰው ዓይኑን ስንት ደቂቃ እንዳሳረፈ እንጂ ምን ተምሮ እንደወጣ አይጠይቅም። ገንዘብ እስኪመጣ የሚታገሰውም ጥቂት ነው፤ ብዙው ጥቂት ክፍል ሠርቶ «በቅርብ ቀን እንመለሳለን» እንዳለ ይቀራል።

በእኛ በኩል ደግሞ ሌላ ቀንበር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ወደ አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት እንዳልነበረ ታስታውሳላችሁ። ሰው ዘመዱን በድምፅ ጥሪ ብቻ ያገኝ ነበር። በዚያ ጊዜ ያየሁትን አልረሳውም፤ ተማሪዎቼ አስቀድመው ያወረዱትን ትረካ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲያስተላልፉ፣ አንዱ ፋይል ክፍሉን ሁሉ ሲያዳርስ። ከዚያ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ዋሽንግተን ላይ በተላለፈ ውሳኔ በድንገት ጸጥ አለ። የአንድ ሰፈር ሽማግሌ ሬዲዮናቸውን ይዘው «ድንጋዩ ነው ወይስ ጣቢያው?» ብለው ጠየቁኝ። ጣቢያው ነው አልኳቸው። አላመኑኝም፤ ድንጋይ ቀየሩ።

አያችሁ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ የሚዘጋውም ከሩቅ ነው። የብራናዎቻችንንም ታሪክ አስታውሱ። አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የሰበሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ ነበሩ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወሰዳቸው፤ ወደ 350 የሚጠጉት ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። እንደዚያም ሆኖ ብራናው አለ፣ ለንደን የሄደ ያነበዋል። የዩቲዩብ ቻናል ግን የይለፍ ቃሉ ሲጠፋ ወይም ባለቤቱ ተናዶ ሲያጠፋው የት ሄደን እናነበዋለን?

ይህን የምለው ስለሚያመኝ ነው። በ2002 ዓ.ም. ክረምት አባባን በኖኪያ ስልኬ ቀርጬው ነበር። 11 ደቂቃ። የወልቅፊትን ጦርነት ጊዜ ይተርክልኛል። ጣሊያን ወልቅፊት ላይ መሽጎ እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ቆይቷል፤ ጎንደር ራሷ ነፃ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጄኔራል ናዚ እጁን ሲሰጥ ነው። ይሄ መጽሐፍ ላይ አለ። አባባ ግን ያኔ ልጅ ነበር፤ ፍየል ይዞ ዋሻ ውስጥ ተደብቆ የሰማውን የአውሮፕላን ድምፅ በአፉ እያስመሰለ ነገረኝ፣ ከዚያ በራሱ ድምፅ ሳቀ፣ ከዚያ ሳል ያዘው፣ ከጓዳ ደግሞ አያቴ «ኧረ ልጁን ቡናው እንዳይበርድበት!» ስትል ይሰማል። በዓመቱ አባባ አረፈ።

ከለቅሶው ጥቂት ወር በኋላ ዘፈን ላስጭን አንድ የሞባይል ቤት ገባሁ። ልጁ «ሚሞሪው ቫይረስ አለው፣ ፎርማት ላድርገው?» አለኝ። «አድርገው» አልኩት። አስቤም አይደል። ቤት ደርሼ ነው ትዝ ያለኝ። በልጁ አልፈርድም፤ ጠይቆኛል፣ ፈቅጃለሁ። ዛሬ አባባ የነገረኝን ልጽፈው እችላለሁ። ያንን የአውሮፕላን ድምፅ ግን እንኳን ልጽፈው፣ በጆሮዬም ላመጣው አልቻልኩም። አያቴም ዛሬ የለችም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ «ማን ይሰማናል?» ላላችሁኝ መልሴ ይሄውና።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ቅረጹ፤ አድማጭ በኋላ ይመጣል። አርበኛ ያየ፣ በ1966ቱ አብዮት ወጣት የነበረ፣ የ1977ን ድርቅ ያለፈ ሰው ዛሬ ጎረቤታችሁ ነው። ነገ ላይኖር ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ባለ ሁለት ወንበር ስቱዲዮ እሳቸውን አያገኛቸውም፤ እናንተ ግን ገበያውን ተሻግራችሁ ታገኟቸዋላችሁ።

ሁለተኛ፣ በድምፅ ብቻ ሥሩ። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፤ በ64 ኪሎቢት የተቀመጠ የአንድ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋባይት ገደማ ነው። ባለ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ወደ 70 ሰዓት ይይዛል። ቪዲዮ ከሆነ ግን የአንድ ሰዓቱ ብቻ በብዙ መቶ ሜጋባይት ነው። ጃናሞራ ያለ ሰው የሚሰማችሁ ፋይላችሁ ቀላል ሲሆን ነው። በቴሌግራም ልቀቁት፣ ሞባይል ቤቶቹም በነፃ እንዲጭኑት ስጧቸው። ስማችሁንና የክፍሉን ቁጥር መጀመሪያው ላይ በድምፅ ተናገሩ፤ ገበያ ላይ ርዕስ ይጠፋል፣ ድምፅ አይጠፋም።

ሦስተኛ፣ እንግዳችሁን አክብሩ። ከመቅረጻችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ ምን ላይ እንደሚወጣ በግልጽ ንገሯቸው። «አንቱ» በሉ፣ አታቋርጡ። ዝም ሲሉ ዝም በሉ፤ ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዝምታው ቀጥሎ ነው። ስለ ሰው ስም፣ ስለ ብሔር፣ ስለ ሃይማኖት ሲነሳ ደግሞ ተጠንቀቁ። ለሕሊናችሁ ስትሉ፣ ለሕጉም ስትሉ፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሲሰራጭ ቅጣቱን ያከብደዋል። የሰማችሁትን ከመልቀቃችሁ በፊት ሌላ ሽማግሌ ጠይቁ፤ ታሪክና ወሬ የሚለዩት እዚያ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ሦስት ቦታ አስቀምጡ። አንዱን ስልክ ላይ፣ አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ሌላ ሰው ቤት። ይህን ምክር የገዛሁት ውድ ነው፣ በ11 ደቂቃ።

ቀላቢያችሁን በተመለከተ፣ ሀብታም አትሆኑም። መጀመሪያ ላይ የሚቀልባችሁ የዚያች እናት ጓዳና ብርድ ልብስ ነው። ስፖንሰር ሲመጣም ተቀበሉ፣ ነውር የለውም፤ ላሊበላም እንጀራ ይቀበላል። ግን ጥያቄውን ስፖንሰሩ እንዳይጽፍላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከመጀመሪያዎቹ እንግዶቻችሁ አንዱ አዝማሪ ይሁን፣ አንዷ ላሊበላ። ዘፈን ብቻ አታስዘፍኗቸው። ቁጭ አድርጋችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ፣ ሕይወታቸውን ጠይቋቸው። ለስንት መቶ ዓመት እነሱ የእኛን ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ አንድ ቀን እንኳ እኛ የእነሱን እንጥራ።

ቅዳሜ እዚያው ሻይ ቤት ነኝ። የመጀመሪያውን ክፍል በሚሞሪ ይዛችሁልኝ ኑ። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ቤታችሁ ሽማግሌ ካለ ዛሬ ማታ ስልካችሁን አጠገባቸው አስቀምጡና «እስቲ ልጅ ሳሉ...» ብላችሁ ጀምሩ። ምን እንዳወሯችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ሁሉንም አነባለሁ።

ሰላም እደሩ።